ደብዳቤው መንገድ ላይ ሳለ

በዴንማርክ ከ1624 ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመታት የዘለቀው የመንግሥት ፖስታ የደብዳቤ እደላ በ2025 መጨረሻ ተቋረጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን ይዞ የቆየው ፖስትኖርድ ያቀረበው ምክንያት የቁጥር ነው፤ በ2000 ወደ 1.4 ቢሊዮን ይጠጋ የነበረው ደብዳቤ በ2024 ወደ 110 ሚሊዮን ወርዷል። በየመንገዱ ቆመው የነበሩት 1,500 ቀያይ የፖስታ ሣጥኖችም ተነሡ። ደብዳቤ መላክ ግን አልቀረም፤ እደላውን የግል ድርጅት ተረክቦታል።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ አስተያየት ተከትሎ ይመጣል፦ የእጅ ደብዳቤ ካበቃለት በደብዳቤ የሚተረክ ልቦለድም ከእንግዲህ የሙዚየም ዕቃ ነው የሚል። እኛ በዚህ አንስማማም። ተራኪ ሳይገባበት፣ ገጸ ባሕርያቱ በሚጻጻፉት ደብዳቤ ብቻ የሚገለጠው ልቦለድ ጉልበቱን ያገኘው ከቴምብሩም ከሣጥኑም አይደለም። ጉልበቱ ያለው ደብዳቤው ከተጻፈበት ሰዓት እስከሚነበብበት ሰዓት ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። በእጅ ጽፎ የመላክና የመቀበል ደስታም የሚቀዳው ከዚያው ክፍተት ነው። ሁለቱን ለያይቶ የሚያይ ደራሲ መጽሐፉን ያበላሻል፤ ለያይቶ የሚያይ አንባቢም ግማሹ ጣዕም ያመልጠዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በሁለት ሰዎች መካከል ፖስታ 9 ቀን ይፈጃል እንበል። እሷ ወሩ በገባ በ3ኛው ቀን «አልመጣም፤ አትጠብቀኝ» ብላ ትጽፋለች። እሱ ይህን ሳያውቅ በ7ኛው ቀን «ቤት ተከራይቻለሁ። ሁለት ክፍል ናት፤ መስኮቷ በምሥራቅ በኩል ነው። የመጋረጃውን ቀለም አንቺ ምረጪ» ብሎ ይልካል። የእሷ ደብዳቤ በ12 ይደርሰዋል፤ የእሱ በ16 ይደርሳታል። ከ12 እስከ 16 ያሉትን አራት ቀናት ልብ በሉ። እሱ እንደማትመጣ አውቋል፤ ስለ መጋረጃው የጻፈው ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ሮጦ ሊያስቆመው አይችልም። እሷ ደግሞ ነገሩን ቈርጣ ጨርሻለሁ ብላ ተቀምጣለች፤ ምን እየመጣባት እንዳለ አታውቅም። ደራሲው «ልቡ ተሰበረ» ብሎ አንዲት ቃል መጻፍ አያስፈልገውም። ሥራውን ካላንደሩ ሠርቶለታል።

ሁለቱ ደብዳቤዎች በመጽሐፉ ውስጥ በምን ቅደም ተከተል ይግቡ? በተጻፉበት ቀን ከተደረደሩ አንባቢው የመጋረጃውን ደብዳቤ የሚያነበው እምቢታዋን ካወቀ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ተስፈኛ ዓረፍተ ነገር ያመዋል። በደረሱበት ቀን ከተደረደሩም የሁለቱ ተራ ያው ነው፤ ግን ስለ መስኮቱና ስለ መጋረጃው የምናነበው በእሷ ዐይን ነው፤ የተጻፈውም እምቢታዋን ሳያውቅ መሆኑን ቀኑን አይተን እንደርስበታለን። የመጀመሪያው አንባቢውን ከእሱ ጋር ያስጨንቀዋል፤ ሁለተኛው ከእሷ ጋር ያሳፍረዋል። ትክክለኛው ይኸኛው ነው የሚባል ደንብ የለም። ቢሆንም ደራሲው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ካደረገ አንባቢው ቀን ማየቱን ይተዋል፤ ቀን ማየት ከተወ ደግሞ ክፍተቱ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልቦለድ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት ሠንጠረዥ ያስምር። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አራት ቀን ይመዝገብ፦ የተጻፈበት፣ ፖስታ ቤት የገባበት፣ የደረሰበት፣ የተከፈተበት። አራቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ጽፎ ሦስት ቀን በኪሱ ይዞት የሚዞር ሰው አለ፤ ደርሶት ሳይከፍተው ጠረጴዛ ላይ የሚያሳድርም አለ፤ ሁለቱም የባሕርይ መግለጫዎች ናቸው። በአምስተኛው ረድፍ ጸሐፊው በዚያ ቀን ምን ያውቅ እንደነበር ይጻፍ። በዚህ ዓይነት ልቦለድ ውስጥ የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው በሽታ፣ ሰው ገና ላልደረሰው ደብዳቤ መልስ ሲሰጥ መገኘቱ ነው፤ አምስተኛው ረድፍ ከዚህ ያድናል።

የዚህን ረድፍ ዋጋ ለማየት ብራም ስቶከር በ1897 ያወጣውን «ድራኩላ»ን መግለጥ ይበቃል። መጽሐፉ የማስታወሻ ደብተር፣ የደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭና የቴሌግራም ጥርቅም ነው። ሐኪሙ ዛሬ ማታ ከታማሚዋ አጠገብ እንዳይጠፋ የሚያስጠነቅቅ ቴሌግራም ይላክለታል። ከቴሌግራሙ በላይ በቅንፍ የተጻፈች አጭር ማስታወሻ አለች፦ የአውራጃው ስም ስላልተጻፈ ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ በ22 ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ ትላለች። ሰውየው ሲያነበው ያቺ ሌሊት አልፋለች። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ አንዲት ሴት ለዚያችው ታማሚ ጓደኛዋ የጻፈችው የደስታ ደብዳቤ ይመጣል፤ ከአናቱ ላይ ተቀባይዋ እንዳልከፈተችው ተጽፏል። ደብዳቤው ስለ አዲስ ቤትና ስለ ትዳር ያወራል። እኛ የምናነበው ግን ያቺን ያልተከፈተች ፖስታ ነው። በአሊስ ዎከር የ1982 ልቦለድ፣ ርእሱ ከእንግሊዝኛ ሲተረጐም «ሐምራዊው ቀለም» በሚሆነው መጽሐፍ፣ ባልየው የሚስቱ እኅት ለዓመታት የላከቻቸውን ደብዳቤዎች ሣጥን ውስጥ ደብቆ ይይዛል፤ ተገኝተው ሲነበቡ ያረጀ ወሬ ለአንባቢዋ ትኩስ ሆኖ ይመጣል።

ክፍተት ሲባል ግን የግድ ባሕር ማዶ ማለት አይደለም። ዶስቶየቭስኪ በ1846 ባሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የሚጻጻፉት ሽማግሌው ጸሐፊና ወጣቷ ሴት የሚኖሩት በአንድ ግቢ ፊት ለፊት ነው፤ መስኮቷን ከመስኮቱ ያየዋል። ሆኖም ይጻጻፋሉ፤ ምክንያቱም እሱ በአፉ ሊላት የማይደፍረው ነገር አለ፤ አዘውትሮ እንዳይመላለስም የሰው አፍ ያስፈራዋል። ሰዎቹ ለምን ተገናኝተው አይነጋገሩም ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ገጾች መልስ ካልሰጠ የቀረው ሁሉ ያንገዳግዳል። ርቀት፣ ኀፍረት፣ እስር፣ ክልከላ፣ ኩርፊያ፤ ከእነዚህ አንዱ ጠንክሮ መቆም አለበት።

ሁለተኛው ትልቅ በሽታ ተቀባዩ የሚያውቀውን ለተቀባዩ መንገር ነው። ምልክቱ «እንደምታውቂው» የሚለው ቃል ነው። እኅት ለእኅቷ «እንደምታውቂው እናታችን ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ቤቱን ለታላቅ ወንድማችን አውርሳለች» ብላ ከጻፈች የምትጽፈው ለእኅቷ ሳይሆን ከጀርባዋ ቆሞ ለሚያነበው እንግዳ ነው፤ ደብዳቤው በዚያች ቅጽበት ሞተ። ያው መረጃ እንዲህ ቢገባስ፦ «ወንድምሽ ቍልፉን ቀይሮታል። የእማዬን ሣጥን እንኳ እንዳወጣ አልፈቀደልኝም።» እናትየው እንዳለፈች፣ ቤቱ በማን እጅ እንደገባ፣ ሁለቱ እንደተጣሉ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ታወቀ። «ወንድማችን» የነበረው «ወንድምሽ» መሆኑ ደግሞ የቁጣዋን ልክ ይናገራል። አንባቢው ለአንድ ለሁለት ገጽ ጨለማ ውስጥ ቢደናበር ምንም አይደለም፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ደስታውም ከፊሉ እሱ ነው።

ከዚህ ደንብ ወጥቶ የተሳካለት አለ። የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ በ1979 ባሳተመችው፣ አንድ ረጅም ደብዳቤ በሆነው ልቦለዷ፣ ባሏ የሞተባት ራማቱላይ በሐዘን ቤቷ ተቀምጣ ለጓደኛዋ ለአይሳቱ የአይሳቱን የራሷን ታሪክ ሳይቀር መልሳ ትተርክላታለች። ይህ ለምን አያስቀይምም? መረጃ ልትሰጣት ስላልፈለገች ነው። አብረው ያሳለፉትን እንደገና የምታነሣው ለመጽናናት፣ የራሷን ምርጫ ከጓደኛዋ ምርጫ አጠገብ አስቀምጣ ለመመዘን ነው። ተቀባይ የሚያውቀውን መድገም የሚፈቀደው ድግግሞሹ ራሱ የጸሐፊውን ችግር ሲያሳይ ብቻ ነው።

የተቀባዩ ነገር ከተነሣ በ1782 የወጣው የፈረንሳዊው ደራሲ የላክሎ የደብዳቤ ልቦለድ መጠቀስ አለበት። 175 ደብዳቤዎች አሉት፤ ከነዚህ በ105ኛው አንዲት ተንኰለኛ ሴት ለልጅ እግር ወዳጇ፣ ለሰው ስትጽፊ የምትጽፊው ለእሱ ነው እንጂ ለራስሽ አይደለም፤ የምታስቢውን ሳይሆን እሱን ደስ የሚያሰኘውን ፈልጊ ብላ ትመክራታለች። ምክሩ ለማታለል የተሰጠ ነው፤ የእጅ ሥራ ምክር ሆኖ ሲታይ ግን ለእያንዳንዱ ደራሲ ይሠራል። የአንድ ሰው ድምፅ ለእናቱ ሲጽፍ፣ ለአለቃው ሲጽፍ፣ ለወደዳት ሲጽፍ ሦስት መሆን አለበት። ሦስቱም ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ከተሰሙ የተጻፉት በደራሲው እጅ ነው ማለት ነው።

በዚህ በኩል አማርኛ ለደራሲው ያዘጋጀለት ድግስ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው ነው። ተቀባዩን ከሚመለከተው ከመጀመሪያው ግሥ ጀምሮ የሚከበር ይሁን የሚቀርብ፣ የሚቀርብ ከሆነም ወንድ ይሁን ሴት ይታወቃል፤ መደበቅ አይቻልም። መንሸራተት ግን ይቻላል። አንድ ሰው ለሰባት ወር «እርስዎ» እያለ የጻፈላትን ሴት በስምንተኛው ወር እንዲህ ቢላት፦ «የላኩልኝ መጽሐፍ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን እንዳያቋርጡ። በተለይ ማታ ማታ ብርዱ ከባድ ነው፤ ራስሽን ጠብቂ።» በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ እጁ አመለጠው። መልሷ በ«እርስዎ» ይመጣ ወይስ በ«አንተ»? አንባቢው የሚቀጥለውን ደብዳቤ የሚገልጠው ይህን ለማየት ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ፊደል ለማስቀመጥ ተርጓሚ ይቸገራል፤ እኛ ግን በእጃችን ነው።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንባብ ልዩነት የላቸውም፤ በብዕር ግን ሰውን ይለያሉ። «ሠላም» ብሎ የሚጀምርና «ሰላም» ብሎ የሚጀምር ሁለት ሰዎች ናቸው። ከቃል ቃል መካከል ሁለት ነጥብ የሚያሰፍር አረጋዊና ባዶ ቦታ ብቻ የሚተው ወጣት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢጻጻፉ፣ አንባቢ ፊርማውን ሳያይ ማን እንደጻፈ ያውቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ይህን ለአራሚው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አራሚ ሥራውን በትጋት ከሠራ ሁሉንም ሆሄ አንድ አድርጎ የገጸ ባሕርያቱን ልዩነት ጠራርጎ ያጠፋዋል። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሆሄ ምርጫውን በአንድ ገጽ መዝግቦ ከረቂቁ ጋር ማስረከብ ነው መፍትሔው።

ሦስተኛው በሽታ የጊዜ ነው፦ ይህ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ጻፈው? በሽታው ከቅርጹ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሪቻርድሰን አታሚ ነበር፤ መጻፍ ለማይቀናቸው ሰዎች የደብዳቤ ናሙና መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ሁለት የመጻሕፍት ነጋዴዎች ጠየቁት። ያንን ሲሠራ ነው በደብዳቤ የተተረከችው ልቦለዱ «ፓሜላ» የተፀነሰችውና በ1740 የታተመችው። ሪቻርድሰን ገጸ ባሕርያቱ ነገሩ እየተፈጸመ ሳለ፣ ልባቸው ገና እየመታ እንዲጽፉ ፈለገ፤ ኋላም በ1747 እና በ1748 ባሳተመው «ክላሪሳ» ይህንኑ ወደ 537 ደብዳቤዎች አሰፋው። ገና በ1741 ግን ሄንሪ ፊልዲንግ የጻፈው ነው የሚባል በ«ፓሜላ» ላይ የሚቀልድ መጽሐፍ ወጥቶ ደካማውን ቦታ ነካው፤ እዚያ ባለታሪኳ ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲገባባት እንኳ ብዕሯን ሳታስቀምጥ አሁን ሲመጣ ይሰማኛል እያለች ትጽፋለች። ሰው የሳቀው እውነት ስለነበረበት ነው።

መድኃኒቱ ስሌት ነው። ኤ5 የሚባለው ወረቀት 148 በ210 ሚሊሜትር ነው። ከላይና ከታች 15 ሚሊሜትር ኅዳግ ተትቶ በ8 ሚሊሜትር ርቀት ቢሰመር 22 መስመር ይወጣዋል፤ በአማርኛ በአንድ መስመር 6 ቃል ያህል ቢገባ አንድ ገጽ 130 ቃል ገደማ ይይዛል። በልቦለዱ ውስጥ ያለው ደብዳቤ 2,600 ቃል ከሆነ በእጅ ሲጻፍ 20 ገጽ ነው። ሃያ ገጽ የጻፈ ሰው «ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ ልንገርህ» ሊል አይችልም። ወይ ደብዳቤው ይጠር፣ ወይ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ቁጭ ተብሎ ይጻፍ፤ «ትናንት ማታ መብራቱ አስቸግሮኝ አቋረጥኩ» የምትል አንዲት መስመር ገብታ ስሜቱ ከገጽ ገጽ እንዲለወጥ ይደረግ። ሁለተኛው መንገድ ይበልጣል፤ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክፍተት ይፈጥራል።

ይህን ስሌት በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ መማር አይቻልም። ለዚህ ነው በደብዳቤ ልቦለድ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ለእውነተኛ ሰው፣ በእጁ፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት እየጻፈ ይላክ የምንለው። ልቦለድ የመጻፍ ሐሳብ የሌለውም ቢሆን ያተርፋል፤ የዕቃው ወጪ ከወረቀት፣ ከብዕርና ከቴምብር አያልፍም።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና። በየቢሮው ያለው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ቀለም በሚሞላ ብዕር ሲጻፍበት የፊደሉ ጠርዝ እንደ ሥር ይበተናል፤ ቀለሙም ወደ ጀርባው ያልፋል፤ በሁለት ገጽ መጻፍ አይቻልም። 100 ግራም የሆነና ላዩ ለስለስ ያለ ወረቀት ይህን ችግር አብዛኛውን ያቃልላል። በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው በ80ው ግራም ሊሠራ ይችላል፤ ከሥር ሌሎች ሁለት ሦስት ወረቀት ያንጥፍ፤ ጠረጴዛው ደረቅ ከሆነ እስክሪብቶው ይዘላል፤ መስመሩም ይቈራረጣል። ያልተሰመረ ወረቀት ላይ መስመሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚያስቸግረው ሰው፣ አንድ ወረቀት በጥቁር ማርከር በ8 ሚሊሜትር አስምሮ ከሥር ያድርገው፤ ያሳያል። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው እጁ በጻፈው ላይ ስለሚያልፍ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይምረጥ፤ ወይም ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ከመስመሩ በታች ሆኖ ይጻፍ።

የቀለም ምርጫ የዕድሜ ምርጫ ነው። በውኃ የሚሟሟ ተራ የብዕር ቀለም ውብ ነው፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ግን አድራሻውን ወስዶት ይሄዳል። ስለዚህ ውስጡ በምንም ይጻፍ፣ የፖስታው አድራሻ በእስክሪብቶ ወይም ውኃ በማይበግረው ቀለም ይጻፍ። ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚሠራው ጥንታዊው ቀለም ሲጻፍ ፈዛዛ ነው፤ አየር ሲያገኘው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ እየጠቈረ ይሄዳል፤ ላኪው ፈዞ ያየውን ፊደል ተቀባዩ ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። መጥፎ ጎኑ አሲዳማ መሆኑ ነው፤ በአሮጌ ሰነዶች ላይ ፊደሉ ወረቀቱን በልቶ ቀዳዳ ሆኖ የቀረበት ቦታ አለ። እርሳስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ ውኃም ብርሃንም አያጠፋውም፤ መፋተግ ብቻ ነው ጠላቱ።

ኤ5 አንዴ ለሁለት ሲታጠፍ 114 በ162 ሚሊሜትር በሆነው ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል። ባለ 100 ግራሙ ኤ5 አንዱ ወረቀት 3.1 ግራም ገደማ ይመዝናል። አራት ወረቀት ከፖስታው ጋር ከ17 ግራም ብዙም አያልፍም፤ በብዙ አገሮች የመጀመሪያው የክብደት ደረጃ ከሆነው ከ20 ግራም በታች ነው። አራት ወረቀት ፊትና ጀርባ 8 ገጽ፣ 1,000 ቃል ገደማ ማለት ነው፤ ለአንድ ደብዳቤ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲወፍር እጥፋቱ እየተነሣ ፖስታውን ያሳብጠዋል፤ በመለያ ማሽን ውስጥም ይቀረቀራል። በሰም ማተም የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ደረቅ ሰም በማሽኑ ጥቅልሎች መካከል ተሰባብሮ ይረግፋል፤ የታተመውን ፖስታ በሌላ ሰፋ ያለ ፖስታ ውስጥ ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

ስለ ፖስታ ሒሳብ መጨነቅ አዲስ ነገር አይደለም። በብሪታንያ እስከ 1840 ድረስ የፖስታ ሒሳብ የሚሰላው በወረቀቱ ብዛትና በርቀቱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። ፖስታ ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቈጠር ሰዎች ደብዳቤውን አጣጥፈው አድራሻውን በጀርባው ይጽፉ ነበር። ገጹ ሲያልቅባቸው ወረቀቱን ወደ ጎን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ጽሑፎች እንደ ወንፊት ይጠላለፋሉ፤ ዐይን ከለመደው ግን ይነበባል። በጥር 1840 ማናቸውም ከግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) ያልበለጠ ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ በአንድ ፔኒ እንዲሄድ ሆነ፤ በግንቦት የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር ሥራ ላይ ዋለ። ከ1840 በፊት በነበረ ዘመን የሚካሄድ ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ካወቀ የሚያምር ትዕይንት በእጁ ነው፦ ተቀባይዋ ደብዳቤውን ለመውሰድ የምትከፍለው የላትም፤ ከውጭ ያለውን የእጅ ጽሑፍ አይታ ከማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ፖስተኛው ግን ይዞት ይመለሳል።

በእጅ የጻፈ ሰው የሚማረው ሌላው ነገር ስርዝ ድልዝ ነው። በስልክ የተሰረዘ ቃል ምልክት አይተውም፤ በወረቀት ግን ተቀባዩ ወደ መብራት አስጠግቶ ከስርዙ በታች ያለውን ሊያነብ ይሞክራል። አንዲት የተሰረዘች ቃል ከተጻፉት አሥሩ ትበልጣለች። ልቦለድ ውስጥ ይህን በኅትመት ለማሳየት የሚሞክሩ ደራሲዎች ቃሉ ላይ መስመር እያስሰመሩ ገጹን ያጨቀዩታል። በመላው መጽሐፍ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። የተሻለው ግን ነገሩን በተቀባዩ መልስ ማምጣት ነው፦ «ሰርዘህ የተውካትን ቃል አንብቤያታለሁ።»

የስልክ መልእክት ልውውጥን ልቦለድ ማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ አንዳንዶቹም ተሳክቶላቸዋል። የሚከብደው ግን ዝምታውን መጠቀም ነው። ደብዳቤ ካልተመለሰ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፦ ጠፍቶ፣ ዘግይቶ፣ ተደብቆ፣ ተቀባዩ ታሞ። ተስፋ በነዚህ ሁሉ ላይ ይንጠለጠላል። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳይ ምልክት ካለ ግን ዝምታው አንድ ትርጉም ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ በስልክ የሚተርክ ደራሲ ሌላ ክፍተት ይፈልግ፤ ለምሳሌ እየጻፈ መሆኑ ታይቶ መልእክቱ ሳይመጣ ሲቀር። እሱም ጥሩ ነው፤ ግን ለ9 ቀን አይዘልቅም።

የደረሰ ደብዳቤ አያያዝ ላይ ጥቂት እንጨምር። ቀን ሲጻፍ ዓመቱ ይጻፍ፤ «ማክሰኞ ማታ» የሚል ደብዳቤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቦታ አያገኝም። ፖስታው አይጣል፤ ማኅተሙ የተላከበትን ቀንና ቦታ ይዟል። የወረቀት ማያያዣ ብረት ይዝጋል፤ ላስቲክ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ስካች ቴፕ ቢጫ ነድፎ ይቀራል፤ በፕላስቲክ ማስለበድ ደግሞ መመለሻ የሌለው ጥፋት ነው። ደብዳቤውን ዘርግቶ አሲድ በሌለው ወረቀት አቃፊ ውስጥ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። የተቀበለውን ደብዳቤ መጽሐፍ ለማድረግ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የእንግሊዙ ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ ደብዳቤዎቹን ያተመበትን ነጋዴ በ1741 ከስሶ ሲፈረድለት የተጣለው መሠረት ዛሬም በብዙ አገሮች ሕግ አለ፤ ወረቀቱ የተቀባዩ ነው፤ ቃሉ ግን የጸሐፊው ነው። ያለ ጸሐፊው ወይም ያለ ወራሾቹ ፈቃድ አይታተምም።

በመጨረሻ፣ ከሩቅ ሰው ጋር መጻጻፍ የሚጀምር ሰው ደብዳቤዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጥር ይስጣቸው። ከቀኑ አጠገብ፣ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ አድርጎ 1፣ 2፣ 3 እያለ። ፖስታ ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ ኋላ የተላከው ቀድሞ ይደርሳል፤ ቁጥር ካለ ግን ተቀባዩ የጐደለውን ያውቃል፤ መልስ ሲጽፍም «14 አልደረሰኝም» ይላል። ደራሲውም ይህችኑ ቁጥር ይያዛት። 13ኛው ደብዳቤ «ሁሉንም በሚቀጥለው እነግርሻለሁ» ብሎ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ ሲገለጥ በቀኝ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 15 ነው፤ የመጀመሪያው መስመርም «ያልኩሽን ካነበብሽ በኋላ ትጽፊልኛለሽ ብዬ አልጠበቅኩም» ይላል።